ሳን ቺ፦ ጥሬው ወይስ ብስሉ? የቻይና ደም ማቆሚያ ዕፆችን ለሚመርጥ ሰው

ታናሽ ወንድሜ ከጓንዡ ዕቃ እያመጣ ይነግዳል። ባለፈው ዓመት ለልጁ ነስር ይሆናል ብሎ አንድ ቆርቆሮ የዱቄት መድኃኒት ይዞ መጣ። ሻጩ በስልክ አስተርጓሚ «ሳን ቺ ነው፤ ለደም ጥሩ ነው» ብሎታል፤ ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ከሁለት ወር በኋላ ቤቴ መጥቶ ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «እትዬ፣ ይሄ ነገር አይሠራም እንዴ? ልጁ አሁንም ይነስረዋል» አለኝ።

አገላብጬ አየሁት። ሳን ቺ መሆኑ እውነት ነው። ግን ከስሙ ፊት «ሹ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ብስል ማለት ነው። ሻጩ አልዋሸም። ብስሉ ሳን ቺ ለቻይናዎች በእርግጥም ለደም ጥሩ ነው፤ ግን ደም ላነሰው፣ ከወሊድ ወይም ከረጅም ሕመም በኋላ ለገረጣና ለደከመ ሰው። ደም የሚያቆመው ጥሬው ነው። ወንድሜ ለሁለት ወር ለልጁ የሰጠው ነገር ከሚፈልገው ሥራ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነበር። ለልጁ ጥሬውም ቢሆን እንደማይሆነው ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ፋርማሲ የተማርኩት ኩንሚንግ ነው፤ የዩናን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ፣ ሳን ቺ የሚበቅልበት አገር። ከተመለስኩ ወዲህ ከቻይና የሚመጡ ሰዎች፣ ነጋዴዎችም ተማሪዎችም፣ በየጊዜው ብልቃጥና ቆርቆሮ እያሳዩ «ይሄኛው ነው ወይስ ያኛው የሚሻለው?» ይሉኛል። ለሁሉም የምመልሰውን እዚህ አንድ ላይ ጽፌዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሳን ቺ ምንድን ነው?

ሳን ቺ የጂንሰንግ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ጥቅም ላይ የሚውለው ሥሩ ነው። ትልቁ መገኛው በዩናን ደቡብ ምሥራቅ ያለው የዡዋንግና የሚያዎ ሕዝቦች ግዛት፣ ዌንሻን ነው። ደጋ ስለሚወድና ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት ስለማይችል ኮረብታዎቹ በጥቁር መረብ ተሸፍነው ይታያሉ። ለመድኃኒት የሚበቃው ቢያንስ ሦስት ዓመት መሬት ውስጥ ከቆየ በኋላ ነው። ከተነቀለ ወዲያ ያው መሬት ለብዙ ዓመታት ሳን ቺ አይቀበልም፤ ተክሉ ይታመማል፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ገበሬው ሁልጊዜ አዲስ መሬት እየፈለገ መሄድ አለበት። ውድ የሚያደርገው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በ1596 የታተመው የሊ ሺዠን ታላቅ የመድኃኒት መጽሐፍ ስለዚህ ሥር ሲናገር የደቡብ ወታደሮች ለብረት ቁስል እንደሚጠቀሙበት ይገልጻል። ከስሞቹ አንዱ በዚያ መጽሐፍ «በወርቅ የማይለወጥ» ነው። ስለ ሳን ቺ ስም አመጣጥም ሊ ሺዠን ወደ አንድ ግምት ያደላል፦ ስሙ በመጀመሪያ «የተራራ ሙጫ» እንደ ማለት ነበር፣ ቁስልን እንደ ሙጫ ስለሚያጣብቅ። እኔም ይህኛው ይጥመኛል። ቃሉ በቃሉ ሲተረጎም ግን «ሦስት ሰባት» ነው። በጎረቤት ጓንግሺ ገበያ በኩል ይሸጥ ስለነበር «ቲየን ቺ» የሚሉትም አሉ፤ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሥር ናቸው፣ ልዩነት አለው የሚል ሻጭ አያታልላችሁ።

ጥሬና ብስል፦ የጓያ ትምህርት

ጥሬው «ሸንግ»፣ ብስሉ «ሹ» ይባላል። ቻይናዎቹ «ጥሬው ይመታል፣ ብስሉ ይጠግናል» ይላሉ። ጥሬው ለሚደማ፣ ለወደቀና ለተመታ፣ ደም ቋጥሮ ላበጠ ሰው ነው። ብስሉ በእንፋሎት ተቀቅሎ ወይም በዘይት ተጠብሶ የተፈጨ ነው፤ ከዶሮ መረቅ ጋር እየተቀቀለም ይበላል፣ ለሰውነት መጠገኛ። በቀለም ይለያሉ፤ ጥሬው ዱቄት ግራጫ ወደ ነጣ ያለ ቢጫ ያደላል፣ ብስሉ ጠቆር ወይም ቡናማ ይላል።

ለምን እንደሚለያዩ የገባኝ ቀን በጣም ነው የደነገጥኩት። የጃፓን ኬሚስቶች ከሳን ቺ ውስጥ ደም በማቆም ዋና ሚና የሚጫወተውን ንጥረ ነገር ነጥለው «ዴንሲቺን» ብለውታል። መምህራችን የኬሚካሉን ስዕል ሰሌዳው ላይ ሲሥለው ሌላኛውን ስሙን ከጎኑ ጻፈ፦ ቤታ ኦዳፕ። ይህን ስም የማውቀው ከሌላ ቦታ ነው። ድርቅ በመጣ ቁጥር በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ገጠር ስንቱን ጎልማሳ እግሩን ሽባ ያደረገው የጓያ መርዝ እርሱ ነው። ድርቅን የሚችለው እህል ጓያ ብቻ ሆኖ ሲቀር፣ ሰው ለወራት ጓያ ብቻ ሲበላ፣ ነርቭ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የማይመለስ ነው።

አንድ ነገር በአንድ አገር መድኃኒት በሌላው መርዝ መሆኑ መጠኑን ለሚያውቅ ሰው አይደንቅም። ከሳን ቺ ዱቄት የሚወሰደው ጥቂት ግራም ነው፣ ያውም ለጥቂት ቀናት። ሽባ የሚያደርገው ጓያ የቀን ምግብ ሆኖ ወራት ሲበላ ነው። ስለዚህ ጓያን ያህል የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ ግን «ዕፅ ስለሆነ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ብወስደው ምን አለው?» የሚለኝን ሰው ጓያን አስታውሰዋለሁ።

ለምርጫው ግን የሚጠቅመን ሌላው ባሕርዩ ነው። እናቶቻችን ጓያን ዘፍዝፈው፣ ቀቅለው፣ ውሃውን ደፍተው የሚያበሉት መርዙ በውሃ ስለሚወጣና በሙቀት ስለሚቀንስ ነው። በሳን ቺም የሚሆነው ያው ነው። ሥሩ ሲቀቀል ዴንሲቺኑ ይፈርሳል፤ ደም የማቆም ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። በአንጻሩ ሳፖኒን የሚባሉት ሌሎች ንጥረ ነገሮቹ በሙቀት ወደ ሌላ ዓይነት ይለወጣሉ፣ ብስሉን «ጠጋኝ» የሚያሰኘውም ይህ ለውጥ ነው ተብሎ ይታመናል። ወንድሜ የገዛው ቆርቆሮ ለነስሩ ያልሠራው ለዚህ ነው። ጥሬውንም ቢሆን ገዝቶ ሻይ ውስጥ የሚያፈላው ሰው ቆይቶ ብስል እየጠጣ ነው። ደም ለማቆም ከሆነ ዱቄቱ ለብ ባለ ውሃ ይዋጣል እንጂ አይፈላም።

የቻይና ፋርማኮፔያ፣ ማለትም የአገሪቱ የመድኃኒት ደንብ መጽሐፍ፣ ለአዋቂ ሰው የሚያስቀምጠው በአንድ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ግራም ዱቄት ነው፤ ተቀቅሎ ከሌሎች ዕፆች ጋር ሲታዘዝ በቀን ከ3 እስከ 9 ግራም። እርጉዝ ሴት ልትጠነቀቅ ይገባል ይላል። እኔ ከዚህ አልፌ «በፍጹም አትውሰጂ» ነው የምላት።

ያቆማልም፣ ያንቀሳቅሳልም

ከሁሉ የሚከብደው ለማስረዳት ይህ ነው። ሳን ቺ ደም ያቆማል፤ ያው ሳን ቺ ደግሞ የረጋ ደም ይበትናል። የቻይና ሐኪሞች ከሌሎቹ ደም ማቆሚያዎች የሚያስበልጡት ለዚሁ ነው፦ «ያቆማል፣ ግን የረጋ አያስቀርም»። ከሳፖኒኖቹ ተጣርቶ የሚሠራው መርፌ በቻይና ሆስፒታሎች የሚታዘዘው ለሚደማ ሰው አይደለም፤ የአንጎል ደም ሥሩ በረጋ ደም ተዘግቶ ስትሮክ ለያዘው ነው። ማለት አንዱ ሥር በአንዱ ንጥረ ነገሩ ወዲህ፣ በሌላው ወዲያ ይጎትታል።

ስለዚህ ዋርፋሪን፣ አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳን ቺን በጥሬውም በብስሉም ሊነካው አይገባም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው በምክንያት ነው። በአገራችን ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ ቫልቭ የሚበላሽበት ወጣት ብዙ ነው፤ ቫልቩ በብረት የተተካለት ደግሞ ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይውጣል። ዋርፋሪን ከጎመን ጋር እንኳ የሚጣላ መድኃኒት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ድዱ ሲደማ «ደም ማቆሚያ» ብሎ ሳን ቺ ቢጀምር መድማቱ ሊብስ ይችላል፤ ወይም የደሙ ልክ ተዛብቶ ሐኪሙ ምክንያቱን ሲፈልግ ይከርማል። ድዱ የሚደማው የዋርፋሪኑ መጠን ስለበዛ ሊሆን ይችላልና መፍትሔው የደም ምርመራ ነው። ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያለውም ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር እንዳይወስድ።

ሳን ቺ ወይስ ዩናን ባይያዎ?

ከቻይና የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ከሳን ቺ ይልቅ የማየው ዩናን ባይያዎ የሚባለውን ደም ማቆሚያ ነው። ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ 4 ግራም ዱቄት፣ ከላይ በጥጥ ተለይታ አንዲት ቀይ ፍሬ። በእንክብልም አለ፣ በስፕሬይና በቁስል ፕላስተርም።

ያዘጋጀው ቹ ኋንዣንግ የተባለ የዩናን ባህል ሐኪም ነው፣ በ1902። ስሙን ያገነነው ጦርነት ነው፤ በ1938 በታይአርዡዋንግ ከጃፓን ጋር የተዋጉት የዩናን ወታደሮች ብልቃጡን በኪሳቸው ይዘው ሄደዋል። እርሱ ከሞተ በኋላ ሚስቱ ቀመሩን ለመንግሥት ሰጠች፤ ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ምስጢር ነው። ሳን ቺ በውስጡ ዋናው እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። ታዲያ አንድ ሰው ሳን ቺን ብቻውን ከመግዛት ይህን ቢገዛ ምን ይጎዳል?

የሚጎዳው የማይታወቀው ነው። በ2013 የሆንግ ኮንግ ጤና ባለሥልጣናት በዩናን ባይያዎ ምርቶች ውስጥ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ የአኮኒት አልካሎይድ አግኝተው ከገበያ እንዲሰበሰቡ አዘዙ። አኮኒት ልብን የሚያናውጥ ብርቱ መርዝ ያለበት ዕፅ ነው፤ በትክክል ሲዘጋጅ ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በኋላ በቻይና የሚሸጠው ማሸጊያ ላይ የተዘጋጀ አኮኒት እንዳለበት መጻፍ ተጀመረ። እንግዲህ በመጠኑ መቀለድ አይቻልም፦ ለአዋቂ በአንድ ጊዜ ከ0.25 እስከ 0.5 ግራም፣ በቀን 4 ጊዜ። አንዱ እንክብል 0.25 ግራም ነው። ከወሰዱ በኋላ ከንፈርና ምላስ ከደነዘዘ፣ ልብ ከተዛባ ወዲያው ሆስፒታል ነው። ለእርጉዝ ሴት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ቀይዋ ፍሬ ለብርቱ ቁስል፣ በመጀመሪያው ጊዜ ብቻ የምትወሰድ ናት፤ «የተሻለችው እሷ ናት» ብለው ለትንሹም ለትልቁም የሚውጧት አሉና ያሳዝነኛል።

የኛን ሰው በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር ከመመሪያው ልጨምር። በወሰዱበት ቀን ባቄላ፣ ዓሣ፣ ኮምጣጣና ቀዝቃዛ ምግብ አትብሉ ይላል። ጠዋት ፉል፣ በጾም ቀን የባቄላ ሽሮ በጎምዛዛ እንጀራ ለሚበላ ሕዝብ ይህ ቀላል ማስጠንቀቂያ አይደለም። ማሸጊያው በቻይንኛ ብቻ ስለሆነ ግን ከሚጠይቁኝ ሰዎች አንድም ያነበበው አላጋጠመኝም።

የእኔ ምርጫ? ለወደቀ፣ ለተጠመዘዘና ላበጠ ሥፍራ ከቆዳ ላይ የሚቀባው ወይም የሚረጨው ዩናን ባይያዎ ይሁን፤ ለተከፈተ ቁስል ግን አይሁን። ለሚዋጥ ነገር ምን እንደሆነ የሚታወቀውን፣ አንድ ሥር ብቻ የሆነውን ጥሬ ሳን ቺ እመርጣለሁ። የጥርስ ሳሙናውን ለሚደማ ድድ የሚያመጡ ብዙ ናቸው። በ2018 በቻይና ራሷ ብዙ ያነጋገረው ነገር ማሸጊያው ላይ ትራኔክሳሚክ አሲድ መጻፉ ነው፤ በየሆስፒታሉ ያለ ተራ ደም ማቆሚያ። የድዱ ደም ቆሞለት ከሆነ የዕፁ ይሁን የኬሚካሉ ሥራ ማን ያውቃል። ድድ በብዛት የሚደማው ደግሞ ጥርስ ላይ በተጋገረ ቆሻሻ ነውና የጥርስ ሐኪም ቢያጸዳው ይሻላል።

ከውስጥ ለሚደማ፦ ባይ ጂ

ባይ ጂ የአንድ ኦርኪድ ድንች መሰል ሥር ነው። ዱቄቱን በጥቂት ውሃ ብትነኩት እንደ ተልባ ይሟልጋል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። ሥራውም ከዚሁ ይጀምራል፤ ሙጫው በቆሰለው ሥፍራ ላይ ይለጠፋል። በቻይና ልማድ ለሳንባና ለጨጓራ መድማት የሚመረጠው እርሱ ነው፣ ከ3 እስከ 6 ግራም ዱቄት። ብዙ ጊዜ ከጥሬ ሳን ቺ ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል፤ አንዱ ይለጥፋል፣ ሌላው የረጋውን እንዳይከማች ያንቀሳቅሳል፤ ሁለቱ የሚጋገዙበት መንገድ በደንብ የታሰበ ነው።

ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄ አለ። በቻይና ሕክምና አሥራ ስምንት «የሚጣሉ» ጥንዶች የሚባሉ አሉ፤ ባይ ጂና አኮኒት ከነሱ መካከል ናቸው። ዩናን ባይያዎ አኮኒት አለበት ብያለሁና ባይ ጂንና ዩናን ባይያዎን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው የራሳቸው የቻይናዎቹን ሕግ እየጣሰ ነው። «ሁለቱም ደም ማቆሚያ ስለሆኑ ቢደመሩ ይበረታሉ» የሚለው ሒሳብ እዚህ አይሠራም። ሁለተኛው የጉምሩክ ነው። ኦርኪዶች በሙሉ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ፍጥረታት ንግድ ስምምነት የተመዘገቡ ናቸው፤ ሥሩን ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ያስጠይቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ይህን ስሙኝ። ደም ያስታወከ፣ እንደ ቅጥራን የጠቆረ ሰገራ ያየ፣ ወይም ደም የሳለ ሰው ባይ ጂ ይግዛ ወይስ ሳን ቺ ብሎ የሚያመዛዝንበት ጊዜ የለውም። የጨጓራ ቁስል ሊሆን ይችላል፣ ቲቢ ሊሆን ይችላል፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ዱቄት ወስዶ ለሳምንት ቢቆምለት ምርመራው ወር ሁለት ወር ይዘገያል። ከዕፁ ጉዳት የበለጠ የማየው ይህን መዘግየት ነው።

ከታች ለሚደማ፣ ለወር አበባና ለሽንት

እነዚህን ሳላረዝም ልለፍ። ለኪንታሮት መድማት የቻይና ሐኪም እጁን የሚዘረጋው ወደ ሳን ቺ ሳይሆን ወደ ዲ ዩ ሥርና ወደ ኋይ ኋ የአበባ እንቡጥ ነው። ዲ ዩ ታኒን የበዛበት ነው፤ አፍ እንደሚያጨብጥ ሁሉ ደም ሥርንም ያኮማትራል። ለቃጠሎም ይቀባል፣ ነገር ግን ሰፊ ቦታ ለተቃጠለ ሰው ታኒኑ በቆዳ ገብቶ ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል አይመከርም። ኋይ ኋ ሩቲን የሚባለው ንጥረ ነገር ምንጭ ነው።

የወር አበባዋ የበዛባት፣ ሆዷ ሲነካ ቀዝቃዛ የሆነ፣ ሙቀት ሲያገኛት የሚሻላት ሴት አይ ዬ ይታዘዝላታል። የእኛው የጭቁኝና የአሪቲ ዘመድ ነው፣ ሽታውም ወዲያው ያስታውቃል። ሽንቱ ደም ለሚያሳይ ሰው ቻይናዎቹ የእሾህ ተክልና የሣር ሥር ያዝዛሉ፤ እኔ ግን በአገራችን ለሽንት ደም መጀመሪያ የምመክረው የቢልሃርዚያ፣ የጠጠርና የኢንፌክሽን ምርመራ ነው። ፑ ኋንግ ደግሞ በየሐይቃችን ዳር የሚበቅለው የፊላ ዓይነት የአበባ ብናኝ ነው፤ ሲፈላ እንዳይበተን በጨርቅ ይታሰራል። እንደ ሳን ቺ ደምን ስለሚያንቀሳቅስ ለእርጉዝ አይሆንም።

አንድ የሚያስገርማችሁ ነገር ብዙዎቹ ዕፆች በብረት ምጣድ ላይ እስኪጠቁሩ ተቆልተው መሸጣቸው ነው። «ቀይ ጥቁርን ሲያይ ይቆማል» የሚል የቆየ አባባል አላቸው። በ14ኛው መቶ ዓመት ግ ከጂዮ የተባለ ሐኪም አሥር ዕፅ አክስሎ ደም ለሚያስሉ ሕመምተኞች ይሰጥ ነበር። ግን አመድ ከሆነ ከንቱ ነው፤ ውስጡ ቡናማ መሆን፣ ሽታውም አለመጥፋት አለበት። ቡና ስትቆሉ «አረረ» እና «ጠቆረ» የምንለው ልዩነት ነው። ሳን ቺ ግን ለደም ማቆሚያ አይከሰልም፤ ለምን እንደሆነ ከጓያው ነገር ታስታውሳላችሁ።

ሲገዙ

ገበያ ውስጥ ሳን ቺ በ«ቶው» ቁጥር ይመደባል፤ ራስ ማለት ነው። 500 ግራም ውስጥ ስንት ሥር እንደሚገባ ይቆጥራል። 20 ቶው ማለት ሃያ ትላልቅ ሥሮች ግማሽ ኪሎ ይሞላሉ፤ 120 ቶው ትንንሽ ናቸው። ቁጥሩ ሲያንስ ሥሩ ይተልቃል፣ ዋጋውም ይወጣል። ትልቁ ለስጦታ ያምራል፤ ተፈጭቶ ለሚዋጥ ግን በ60 እና በ20 መካከል ላለው የዋጋ ልዩነት የሚገባ የመድኃኒት ልዩነት የለም። ከዚያ ይልቅ «የጸደይ» ነው ወይስ «የክረምት» ብላችሁ ጠይቁ። የጸደዩ ሳያፈራ የተነቀለ፣ ሞላ ያለና ከባድ ነው። የክረምቱ ፍሬ ሰጥቶ ጉልበቱን የጨረሰ ነው፣ ቆዳው ይጨማደዳል፣ ውስጡ ይላላል። ዋጋው ሲረክስ ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

ዱቄት አትግዙ። ሥሩን ገዝታችሁ ሻጩ ፊታችሁ ያስፈጩት፤ መፍጫ ያለው ሱቅ ሞልቷል። ጥሩ ሳን ቺ «የመዳብ ቆዳ፣ የብረት አጥንት» ይባላል፤ ድንጋይ ይመስላል፣ በጥርስ አይሰበርም፣ በመዶሻ ሲመታ ቆዳውና እምብርቱ ይለያያል፣ ውስጡ ግራጫ አረንጓዴ ነው። ሲቀመስ መጀመሪያ ይመርራል፣ ቆይቶ ጣፋጭ ያስቀራል። የሌላ ተክል ሥር ቀርጸው ሳን ቺ አስመስለው የሚሸጡ አሉ፤ የተቀረጸውን የቢላዋው ምልክት ያሳብቅበታል።

ከሁሉ የምፈራው ግን በስም የሚመሳሰለውን ነው። ቱ ሳን ቺ፣ ማለትም «የአገሬው ሳን ቺ» የሚባል ሌላ ተክል አለ። በየጓሮው ይበቅላል፣ ርካሽ ነው፣ ሰዎች ለቁስልና ለመውደቅ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈው ይጠጡታል። ከእውነተኛው ሳን ቺ ጋር ዝምድና የለውም። ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል መርዝ አለበት፤ የጉበትን ትንንሽ ደም ሥሮች ይዘጋል፣ ሆድ በውሃ ይነፋል፣ ሰው ይሞታል። በቻይና የተመዘገቡ ብዙ እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች አሉ። ይህ መርዝ ለእኛም እንግዳ አይደለም፦ በትግራይ ታህታይ ቆራሮ ከ2001 ጀምሮ ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት ሕመም መንደር ሲያጠፋ ቆይቶ ተመራማሪዎች ከእህሉ ጋር በተቀላቀለ አረም ውስጥ የዚሁ ቤተሰብ መርዝ አግኝተዋል። ስለዚህ ሻጩ «ቱ» የሚለውን ቃል ከፊት ካስቀደመ፣ ወይም ትኩስ ቅጠልና ሥር በርካሽ ከሰጠ፣ ገንዘባችሁን መልሱና ውጡ።

ጭራሽ ዕፅ የማይመረጥበት

ደም እየገፋ የሚፈስ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ይጨመቃል፣ እየተነሣ ሳይታይ፣ ሰው ሳይሰለች። እኛ ቡና ዱቄት የምንበትነው ቻይናዎቹም ሳን ቺ የሚበትኑት ከተመሳሳይ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ጥልቅ ቁስል ላይ ግን ሁለቱም ቆሻሻ ናቸው፣ ሐኪሙም ሲያጥብ ይቸገራል። ከወሊድ በኋላ ደም የበዛባት እናት ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ዕፅ አትጠብቅ። ማሕፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን አለ፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ አለ። በ2010 የወጣው ከ20 ሺህ በላይ ጉዳተኞች የተሳተፉበት ጥናትና በ2017 የወጣው ተመሳሳይ ብዛት ያላቸው ወላዶች የተሳተፉበት ጥናት ትራኔክሳሚክ አሲድ ሕይወት የሚያተርፈው በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ መሆኑን አሳይተዋል። ከዘረዘርኳቸው ዕፆች አንዱም እንዲህ ባለ ትልቅ ሚዛን አልተመዘነም። ይህን ስል የማደንቀው ነገር ቀንሶብኝ አይደለም።

የወንድሜ ልጅ የስድስት ዓመት ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው መጠኖች በሙሉ የአዋቂ ናቸው፤ ለልጅ ጥሬውንም ብስሉንም አልሰጥም። አፍንጫውን አየሁት፤ ውስጡ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ በጣቱ ይነካካዋል፣ ወሩ ደግሞ ጥር ነው፣ የአዲስ አበባ አየር የሚደርቅበት። ለእናቱ እንዴት እንደምትይዘው አሳየኋት፦ ተቀምጦ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣት ይዛ አሥር ደቂቃ ሙሉ ሳትለቅ። ራሱን ወደ ኋላ አታስተኚው፣ ደሙን ይውጠዋል። ማታ ማታ ቫዝሊን በውስጥ ትቀባዋለች፣ ጥፍሩን ታሳጥርለታለች። በአሥር ደቂቃው ድጋሚ ካልቆመ፣ ወይም ሌላ ቦታም የሚበልዝ ከሆነ፣ የደም ምርመራ ነው።

ቆርቆሮውን ወንድሜ ሊጥለው ነበር። ከወሊድ የተነሣች ዘመድ አለችኝ፣ ለእርሷ ልስጣት ወይ አለኝ። ታጠባለች ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አዎ አለኝ። አይሆንም አልኩትና ተቀብዬው አስቀመጥኩት፤ ተማሪ ሲመጣ «ሹ» የሚለው ጽሑፍ የት እንደሚጻፍ አሳይበታለሁ።